ሐረማያን ያደረቀው ሒሳብ

(ስለ ተፈጥሮና ኢኮኖሚክስ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፤ ለኅትመት ተስተካክሎ)

 

የዛሬው ርዕሳችን ኢኮኖሚክስ ነው። ስለ ባንክ ወለድና ስለ ውጭ ምንዛሪ ግን አልናገርም። የምናገረው ስለ ውሃ፣ ስለ አፈርና ስለ ሣር ነው፤ እነዚህ ሲያልቁ ጉዳቱ በማን ደብተር ላይ እንደሚጻፍ፣ አብዛኛውን ጊዜም በማንም ደብተር ላይ ሳይጻፍ እንዴት እንደሚቀር ነው። ዓላማዬ አንድ ነው። ተፈጥሮን የሚያጠፋው ሁልጊዜ ድንቁርና ወይም ክፋት እንዳልሆነ፣ ብዙ ጊዜ እያንዳንዱ ሰው ለራሱ በትክክል የሠራው ሒሳብ ተደምሮ ለሁሉም ጥፋት እንደሚሆን ማሳየት እፈልጋለሁ። የሒሳቡ አሠራር ከተለወጠም ውጤቱ ይለወጣል።

ነገሩን በባዶ ጽንሰ ሐሳብ እንዳላደክማችሁ አንድ ሐይቅ ይዤ እሄዳለሁ። በመጀመሪያ የሐይቁን ታሪክ በአጭሩ እነግራችኋለሁ። ከዚያ ባለ ሥራው ስለማይከፍለው ወጪ፣ ስለ ወል ሀብት አያያዝ፣ ኢኮኖሚ ምን ያህል ሊያድግ ይችላል ስለሚለው ጥያቄ እናገራለሁ። በመጨረሻም ስለ ነገ ዋጋና ስለ አገር የሒሳብ መዝገብ ጥቂት እጨምራለሁ።

ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ሐረር የሚያልፍ መንገደኛ በቀድሞው ጊዜ ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ሰፊ ውሃ ያይ ነበር። ሐረማያ፣ በድሮ አጠራሩ ዓለማያ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ ሐይቅ ነው። ወደ ውጭ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ዝናቡና ከዙሪያው ኮረብቶች የሚወርደው ጎርፍ ይሞሉታል፤ ፀሐይ ደግሞ በትነት ትወስድበታለች። ለሐረር፣ ለአወዳይና ለሐረማያ ከተሞች የመጠጥ ውሃ የሚሰጥ ሐይቅ ነበር። ዓሣ ይሰገርበት፣ ወፍ ያርፍበት፣ ከብት ይጠጣበት ነበር። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ደረቀ። ጀልባ ይንሳፈፍበት በነበረው ቦታ ከብት ሣር ጋጠ፤ የሐይቁ ወለል ተሰነጣጠቀ። የሐረር ሕዝብ በውሃ ጥም ተቸገረ፤ በመጨረሻም ውሃ ከድሬዳዋ አቅራቢያ፣ ድሬ ጃራ ከሚባለው ቦታ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ በቧንቧ ሽቅብ እየተገፋ መምጣት ጀመረ።

ምን አደረቀው ብንል መልሱ አንድ አይደለም። የኮረብቶቹ ዛፍ ተመንጥሮ ቁልቁለቱ ሲታረስ አፈሩ ከጎርፍ ጋር ወደ ሐይቁ ወረደ፤ ወለሉ በደለል ተሞላ። ደለል የሞላው ሐይቅ ሰፊና ስስ ይሆናል፤ ስስ ውሃ ደግሞ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይተናል። በዚህ ላይ የከተሞቹ ሕዝብ በዛ፤ ከእሱ ጋር የመጠጥ ውሃ ፍላጎቱም አደገ። ከሁሉ በላይ ግን በዳርቻው ለጫትና ለአትክልት መስኖ የሚሠሩት ፓምፖች ቁጥር ከዓመት ዓመት እየጨመረ ሄደ። እኔ ዛሬ የማተኩረው በፓምፖቹ ላይ ነው፤ ኢኮኖሚክስ ብዙ የሚናገረው ያለው እዚያ ነውና።

እስቲ አንዱን ፓምፕ ቀረብ ብለን እንየው። ባለቤቱ ከአንድ ሄክታር በታች መሬት ያለው ገበሬ ነው። ጫት የሚሸጠው እርጥብ ሆኖ፣ በተቆረጠበት ቀን ነው፤ ሲጠወልግ ዋጋ ያጣል። በክረምት ጫት የሌለው ገበሬ ስለማይኖር ዋጋው ይወርዳል። በበጋ፣ ዝናቡ ካቆመ ከወራት በኋላ፣ ለምለም ቀንበጥ የሚያወጣው ግን ውሃ ያገኘ ማሳ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ዙርባ ጫት አወዳይ ገበያ ሲደርስ የክረምቱን ዋጋ እጥፍ ድርብ ያወጣል፤ ከዚያም ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሌላንድ ይሻገራል። ስለዚህ ገበሬው ተበድሮም ቢሆን ፓምፕ ይገዛል። ሞተሩን ከውሃው ዳር ያስቀምጣል፣ የፕላስቲክ ቱቦውን እስከ ማሳው ይዘረጋል፣ ናፍጣ ይሞላል፣ ያስነሣል። ውሃው ሲሸሽ ሞተሩን ተሸክሞ ይከተለዋል፤ ቱቦ ላይ ቱቦ ይቀጥላል። ቱቦው ሲረዝም ናፍጣው ይጨምራል። ውሃው ጨርሶ ሲርቅ ደግሞ የደረቀውን ወለል ቆፍሮ ከሥር የሚያገኘውን ይስባል። እውነትም ሐይቁ ከደረቀ በኋላ በወለሉ ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ ነው መስኖው የቀጠለው።

ይህን ሰው ጥፋተኛ አድርጎ መፍረድ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልፈርድበትም። ልጆቹን የሚያስተምረው፣ ቤቱን በቆርቆሮ የሚከድነው በዚያ ገንዘብ ነው። በቆሎና ማሽላ ከዚያች ጥቂት መሬት ይህን ያህል አይሰጡትም። ገበሬው ናፍጣውን ይከፍላል፣ የሞተሩን ዕዳ ይከፍላል፣ የቀን ሠራተኛውን ይከፍላል። የውሃው ዋጋ ግን ዜሮ ነው። ዜሮ ዋጋ ያለውን ነገር ደግሞ ማንም አይቆጥብም።

ወደ መጀመሪያው ነጥቤ ደረስኩ። የካምብሪጁ ኢኮኖሚስት አርተር ፒጉ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ‘የደኅንነት ኢኮኖሚክስ’ በሚለው መጽሐፉ የግል ወጪና የማኅበራዊ ወጪ የተለያዩ መሆናቸውን አስረድቷል። አምራቹ ከኪሱ የሚያወጣው ገንዘብ አንድ ነገር ነው፤ ሥራው በሌሎች ሰዎች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሌላ ነው። ሁለቱ ሲራራቁ ገበያው የተሳሳተ መልእክት ያስተላልፋል። ፒጉ መፍትሔ ብሎ ያቀረበው የልዩነቱን ያህል ግብር መጣል ነው፤ አምራቹ ያደረሰውን ጉዳት ራሱ እንዲከፍል። ዛሬ የበከለ ይክፈል የምንለው መርህ ሥሩ ከዚህ ይመዘዛል።

ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል እኔው ላስቀምጥ። አንድ ገበሬ ዛሬ አንድ ተጨማሪ ሰዓት ቢስብ 500 ብር ያተርፋል እንበል። ያ የተሳበው ውሃ በዳርቻው ባሉት ሌሎች ገበሬዎችና በከተማ ባሉት ጠጪዎች፣ በጠቅላላው በ800 ሰዎች ላይ፣ በነፍስ ወከፍ የ1 ብር ጉዳት ያመጣል። ድምሩ 800 ብር ጠፍቶ 500 ብር ተገኝቷል፤ አካባቢው በ300 ብር ደኽይቷል። ገበሬው ግን 500 ብሩን ያያል እንጂ 800ውን አያይም። ከ800ዎቹም አንዱ እንኳ ለ1 ብር ብሎ ሥራ ፈትቶ አቤቱታ አያቀርብም። በማግስቱ ጎረቤቱ ያንኑ ያደርጋል። በየዓመቱ፣ በየበጋው፣ በየፓምፑ ይህ ሲደጋገም ማንም ሐይቅ ሊያደርቅ ሳያስብ ሐይቅ ይደርቃል።

ሮናልድ ኮዝ እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው ዝነኛ ጽሑፍ ለፒጉ ሐሳብ ሌላ መንገድ አመለከተ። የማን መብት እንደሆነ በግልጽ ከታወቀና ድርድሩ ብዙ ካላስወጣ፣ ጎጂና ተጎጂ ራሳቸው ተነጋግረው የተሻለውን ያገኛሉ አለ። ቁም ነገሩ ያለው በቅድመ ሁኔታዎቹ ላይ ነው። በሐረማያ ዳርቻ ማን ምን ያህል የመሳብ መብት እንዳለው የተመዘገበ አልነበረም፤ ተደራዳሪው ደግሞ እልፍ ነው። የሐረርን ከተማ ነዋሪ በሙሉ ከእያንዳንዱ ባለ ፓምፕ ጋር ማን ያስቀምጠዋል? ሕጉ በበኩሉ ዝም አላለም። አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ የውሃ ሀብት በሙሉ የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይደነግጋል፤ ስለ ፈቃድና ስለ ክፍያም አንቀጾች አሉት። በወረቀት የሁሉም የሆነው ውሃ ግን ሐይቁ ዳር ቀድሞ የደረሰው ሰው ውሃ ሆኖ ቆየ።

ሁለተኛው ጉዳዬ ይህ የወል ሀብት አያያዝ ነው፤ ረዘም አድርጌ ብናገርበት ቅር እንደማትሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ።

ጋሬት ሃርዲን የተባለ የሥነ ሕይወት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ ለሁሉም ክፍት የሆነ ግጦሽ መጥፋቱ አይቀርም ሲል ጻፈ። እያንዳንዱ ከብት አርቢ አንድ በሬ ሲጨምር ትርፉ የግሉ ነው፤ የሣሩ መጎዳት ግን ለሁሉም ይከፋፈላል። ቅድም ስለ ፓምፑ የሠራነው ሒሳብ ነው። ከዚህ ተነሥተው ብዙዎች መውጫው ሁለት ብቻ ነው አሉ፤ ወይ መሬቱን ለግለሰብ ሸንሽኖ መስጠት፣ ወይ መንግሥት ዘብ አቁሞ መጠበቅ። ይህ ትምህርት ለብዙ ዓመታት በዓለም ዙሪያ የልማት መሥሪያ ቤቶችን አስተሳሰብ ገዝቷል። እኔ እንደማምነው ብዙ ጉዳት አድርሷል፤ ሕዝቡ ራሱ ያቆመውን ሥርዓት እንደሌለ አስቆጥሯልና። ሃርዲን ራሱም ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነገሩ የሚመለከተው አስተዳዳሪ የሌለውን የወል ሀብት መሆኑን ገልጾ ሐሳቡን አስተካክሏል።

አስተዳዳሪ ያለው የወል ሀብት ምን እንደሚመስል ለማየት ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ መውጣት ይበቃል። ከ3,200 ሜትር በላይ ባለው የጓሳ ደጋ ላይ የሚበቅለው የጓሳ ሣር ለመንዝ ሰው የቤት ክዳን፣ ገመድና የዝናብ ገሳ ነው። ይህ ሣር በመቶ ለሚቆጠሩ ዓመታት ተጠብቆ የኖረው የቄሮ ሥርዓት በሚባለው የአካባቢው ደንብ ነው። ባለ መብቱ ከአቅኚ አባቶች የተወለደ፣ በስም የሚታወቅ ሰው ነበር። ሥፍራው ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋ፣ ሣሩ ሲደርስ በሕዝብ ፊት ታውጆ ይከፈት ነበር። የሚጠብቁት፣ የሚከለክሉትና የሚቀጡት ሕዝቡ የመረጣቸው ሰዎች ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ከባላባት ሥርዓት ጋር ይህንንም ደንብ አፈረሰው፤ ጠባቂ የነበረው ደጋ ለማንም ክፍት ሆነ፤ ሣሩም ተጎዳ። ከደርግ በኋላ ማኅበረሰቡ አዲስ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን መልሷል። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ በጓሳ የሚታዩት የመንዝ ሕዝብ ጥበቃውን በራሱ ደንብ ስለያዘ ነው። ያም ሆኖ የድሮው ደንብ እንከን አልነበረበትም አልልም፤ የአቅኚ ዘር ያልሆነውን ያገል ነበር። ሥርዓት ነበረው ማለት ፍትሕ ነበረው ማለት አይደለም።

አሜሪካዊቷ ኤሊኖር ኦስትሮም ዕድሜዋን ሙሉ ያጠናችው ይህንን ነው። በተለይ ለእኛ ጉዳይ የሚቀርበው የመጀመሪያ ሥራዋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ያጠናቀቀችው የዶክትሬት ጥናቷ በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ ስላለ የከርሰ ምድር ውሃ ነበር። እዚያም ባለ ፓምፖች በየፊናቸው ስለሚስቡ ውሃው ወረደ፤ ባሕሩ ቅርብ ነውና ጨዋማ ውሃ ወደ ከርሰ ምድሩ መግባት ጀመረ። ተጠቃሚዎቹ ማኅበር አቋቋሙ፣ ፍርድ ቤት ሄዱ፣ ማን ምን ያህል እንደሚስብ በገለልተኛ ባለሙያ አስለኩ፣ ከዚያም እያንዳንዱ ከድርሻው እንዲቀንስ ተስማሙ። ሥራውን የሚቆጣጠር ሰው ተሾመ፤ ማን ምን ያህል እንደሳበም በየዓመቱ ይፋ ይወጣል። በባሕሩ ጠርዝ ንጹሕ ውሃ ወደ ምድር እያስገቡ የጨዋማውን ውሃ መንገድ ዘጉ። ድርድሩ ዓመታት ፈጅቷል፤ ጠብና ክስም ነበረበት። ግን ማንም ሁሉን ጠቅልሎ አልወሰደም፤ ሁሉም ነገር ከመንግሥት በመጣ ትእዛዝ ብቻም አልተሠራም።

ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው መጽሐፏ ለረጅም ዘመን የጸኑ የወል ሀብት ሥርዓቶችን አመሳክራ የሚያመሳስላቸውን ነገር ነቅሳ አወጣች። ማን አባል እንደሆነና የሀብቱ ወሰን የት እንደሆነ ይታወቃል፤ ደንቡን የሚያወጡት የሚተዳደሩበት ሰዎች ናቸው፤ ጠባቂ አለ፤ ቅጣቱ ከትንሽ ተነሥቶ እየከበደ ይሄዳል፤ ጠብ ሲነሣ ቅርብና ርካሽ ዳኝነት ይገኛል፤ መንግሥትም ይህን መብታቸውን ያከብርላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት በኢኮኖሚክስ ስትቀበል ሽልማቱን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። የእሷን መስፈርት ይዘን ሐረማያ ዳር ብንቆም የጎደለው ምን እንደሆነ ወዲያው እናያለን፤ የፓምፕ ቁጥር የሚመዘግብ አልነበረም፣ ዛሬ በቃ የሚል አልነበረም፣ ከተማውና ገጠሩ የሚገናኙበት አንድ ሸንጎ አልነበረም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልለፍ። እስካሁን የተናገርኩት ዋጋው ቢስተካከል፣ ደንቡ ቢጸና ነገሩ ይቃናል የሚል ይመስላል። የሥነ ምህዳር ኢኮኖሚስቶች ከዚያ አልፈው ሌላ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ዋጋውም ትክክል፣ ደንቡም ጽኑ ቢሆን፣ ሥራው በጠቅላላው ሐይቁ ከሚችለው በላይ ከሆነስ?

ይህን ጥያቄ አብዝቶ የጠየቀው ኸርማን ዴሊ ነው። የሩማንያ ተወላጁ የኒኮላስ ጆርጄስኩ ሬገን ተማሪ ነበር። መምህሩ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ የፊዚክስን የኤንትሮፒ ሕግ ወደ ኢኮኖሚክስ አስገባ። ሐሳቡን በሐረማያ አፈር ልግለጸው። ኮረብታው ላይ በአንድነት ተኝቶ የነበረው ለም አፈር ጠቃሚ ነው። ጎርፍ ወስዶ ሐይቅ ውስጥ ሲበትነው የጠፋ አንድም ፍሬ አፈር የለም፤ ሁሉም እዚያው አለ። ጥቅሙ ግን ጠፍቷል፤ ወደ ኮረብታው ልመልሰው የሚል ሰው አፈሩ ከሚሰጠው ጥቅም በላይ ጉልበትና ነዳጅ ያወጣል። እያንዳንዱ የምርት ሥራ አንድ የተደራጀ ነገር ወስዶ የተበተነ ነገር ይመልሳል። ኢኮኖሚ ከምድር የሚቀበለውና ለምድር የሚመልሰው ነገር ስላለ ከምድር አቅም በላይ መስፋት አይችልም።

ዴሊ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በፈረንጆች አቆጣጠር በዓለም ባንክ ሠርቷል፤ ባንኩ ውስጥ ሆኖም ለዚህ ሐሳብ ተከራክሯል። እሱ እንደሚለው ኢኮኖሚክስ ሦስት ጥያቄ አለበት፤ ሀብት ለምን ሥራ ይዋል፣ ለማን ይድረስ፣ ጠቅላላ መጠኑስ ምን ያህል ይሁን። ገበያ የመጀመሪያውን መመለስ ይችልበታል። ሁለተኛው የፍትሕ ጥያቄ ነው። ሦስተኛውን ግን ገበያ ጨርሶ አይመልሰውም። ዴሊ ይህን ያስረዳበት ምሳሌ የዕቃ መርከብ ነው። ጭነቱን ከፊትና ከኋላ፣ ከግራና ከቀኝ እኩል አድርገን ብናከፋፍለው መርከቡ አይጋደልም። ጭነቱ ከልክ ካለፈ ግን ሚዛኑን እንደጠበቀ ይሰምጣል። ለዚህ ነው በመርከብ ጎን ላይ ውሃው ሊያልፈው የማይገባ መስመር የሚቀባው።

ሌላው የዴሊ ትምህርት ለሐረማያ ልክ የተሰፋ ይመስላል። ዓለም ባዶ በነበረችበት ዘመን የዓሣ ምርትን የሚወስነው የጀልባው ቁጥር ነበር፤ ጀልባ ስትጨምር ዓሣ ይጨምርልሃል። ዓለም ስትሞላ ወሳኙ የቀረው ዓሣ ነው፤ ጀልባ ብትጨምር የምታተርፈው ነዳጅ ማቃጠል ነው። በሐረማያም ፓምፕ ብርቅ በነበረበት ጊዜ አንድ ፓምፕ መጨመር ምርት መጨመር ነበር። ኋላ ግን ብርቁ ውሃው ሆነ። በዚያ ሰዓት ለገበሬው ተጨማሪ ፓምፕ በብድር ማቅረብ በልማት ስም የሐይቁን መድረቅ ማፋጠን ነበር። ምርትን የሚገድበው ነገር በተለወጠ ቁጥር ቁጠባችንና መዋዕለ ንዋያችን ወደ እሱ መዞር አለበት፤ ከፓምፕ ወደ ተራራ እርከን፣ ከቱቦ ወደ ዛፍ። ፓምፕ ያለ ውሃ ብረት ነው፤ ሰው የሠራው ካፒታል የተፈጥሮን ካፒታል ይተካል የሚለው ክርክር በእኔ አስተያየት እዚህ ላይ ይወድቃል።

ታዲያ ውሃ ቆጣቢ ቴክኖሎጂ አይፈታውም ወይ የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የጠብታ መስኖ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን እንግሊዛዊው ዊልያም ስታንሊ ጄቨንስ እ.ኤ.አ. በ1865 ስለ ድንጋይ ከሰል ሲጽፍ ያስተዋለውን አንርሳ። የእንፋሎት ሞተር ከሰል ቆጣቢ እየሆነ ሲመጣ እንግሊዝ የምታቃጥለው ከሰል ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ ሥራው ሲረክስ ሞተሩ በየቦታው ተተከለ። በመስኖም እንዲሁ ነው። ጣሪያ ካልተበጀለት፣ ገበሬው ያተረፈውን ውሃ በሐይቁ አይተወውም፤ ማሳውን ያሰፋበታል። ቁጠባው የሚጠቅመው ልኩ ከተወሰነ በኋላ ነው።

ስለ ነገ ዋጋ በአጭሩ ላንሣ። የፕሮጀክት ገምጋሚዎች ወደፊት የሚገኝን ጥቅም በዛሬ ዋጋ ሲያሰሉ የቅናሽ መጠን የሚሉትን ይጠቀማሉ። ከ50 ዓመት በኋላ 100,000 ብር የሚያወጣ የሐይቅ ጥቅም በዓመት 10 በመቶ ቢቀነስ ዛሬ የሚቆጠረው 850 ብር ገደማ ብቻ ነው። በ2 በመቶ ቢቀነስ ግን 37,000 ብር ይሆናል። ሐይቁ ያው ሐይቅ፣ ውሃው ያው ውሃ ነው፤ አንድ ባለሙያ በሰንጠረዥ ላይ ያስቀመጠው ቁጥር ግን የልጅ ልጆቻችንን ድርሻ ከአርባ እጅ በላይ ያሳንሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ኒኮላስ ስተርን ስለ አየር ንብረት ለውጥ ባቀረበው ሪፖርትና በእነ ዊልያም ኖርድሃውስ ትችት መካከል የተነሣው ትልቁ ክርክር በዋናነት በዚህች ቁጥር ላይ ነበር። ፍራንክ ራምሲ የተባለው ወጣት የካምብሪጅ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1928 የመጪውን ትውልድ ደስታ ዘግይቶ ስለመጣ ብቻ ማሳነስ በሥነ ምግባር የማይደገፍ መሆኑን ጽፏል። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ቁጥሩን መምረጥ የፍትሕ ውሳኔ ነው፤ ውሳኔው ደግሞ በሕዝብ ፊት መደረግ ይገባዋል።

የመጨረሻው ጉዳዬ የአገር የሒሳብ መዝገብ ነው። ሐረማያ ሲደርቅ በአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት ውስጥ የሐይቁ መጥፋት በየትኛው ዓምድ ተጻፈ? በየትኛውም አልተጻፈም። የናፍጣው ሽያጭ፣ የጫቱ ሽያጭ፣ በጀሪካን የተሸጠው ውሃ፣ ከድሬ ጃራ የተዘረጋው ቧንቧና ውሃውን የሚገፋው ኤሌክትሪክ ግን በመደመር ተጽፈዋል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ሐይቁ ግን ከሐረር በላይ ነበር። ከላይ ይገኝ የነበረውን ውሃ ከታች ሽቅብ መግፋት ለመዝገቡ ዕድገት ነው፤ ለሐረር እናት ግን በፊት የነበራትን መልሶ ማግኘት ብቻ ነው፣ እሱም ሙሉ በሙሉ ከተሳካ። የብሔራዊ ገቢን አሰላል ካቆሙት አንዱ የሆነው ሳይመን ኩዝኔትስ እ.ኤ.አ. በ1934 ለአሜሪካ ምክር ቤት ባቀረበው ሪፖርት የአገር ደኅንነት ከዚህ ቁጥር ሊነበብ እንደማይችል አስጠንቅቆ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ውሃን፣ ደንንና አፈርን ከገንዘቡ ሒሳብ ጎን የሚያስመዘግብ ዓለም አቀፍ መለኪያ አጽድቋል። ዘዴው አለ፤ መጠቀም የእኛ ፈንታ ነው።

ተፈጥሮን በብር መተመን ራሱ አደጋ አለበት የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ሮበርት ኮስታንዛና ባልደረቦቹ የምድር ሥነ ምህዳር በዓመት የሚሰጠውን አገልግሎት በአማካይ 33 ትሪሊዮን ዶላር ብለው ገመቱት፤ በጊዜው ከዓለም ጠቅላላ ምርት በጣም ይበልጣል። ለሁሉም ነገር መሠረት የሆነውን ነገር መተመን ትርጉም የለውም ተብለው ተተቹ። እኔ ግን ግምት ለድርድር ሲውል ጠቃሚ ነው እላለሁ። የኒውዮርክ ከተማ ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚፈጅ የውሃ ማጣሪያ ከመሥራት ይልቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ከካትስኪል ተራሮች ነዋሪዎች ጋር ተስማምቶ፣ ምንጩን ለሚጠብቁት ገበሬዎች መክፈልን መረጠ። ወጪው ከማጣሪያው እጅግ ያነሰ ነበር። ከሐረማያ በላይ ባለው ኮረብታ እርከን የሚሠራው፣ ችግኝ የሚተክለው ገበሬ ጥቅሙን ለብቻው አያገኝም፤ ደለሉ የሚቀንሰው ለሐረር ጠጪ፣ ለዳርቻው ባለ መስኖ ነው። የውሃ ደረሰኝ ላይ ጥቂት ሳንቲም ተጨምሮ ለዚያ ገበሬ ቢደርስ ልመናም ድጎማም አይባልም፤ ለተሠራ ሥራ የተከፈለ ዋጋ ነው።

ወገኖቼ፣ በቅርብ ዓመታት በተፋሰሱ ላይ በተሠራው ሥራና በጥሩ ዝናብ ሐረማያ ውስጥ ውሃ በከፊል ተመልሷል። ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ነገር ግን ውሃው የተመለሰው ጫት በበጋ እንደተወደደ ባለበት፣ ናፍጣ ሞተር በየገበያው በሚሸጥበት፣ የዳርቻው ሕዝብም ከቀድሞው በበዛበት ጊዜ ነው። ማን፣ በስንት ፓምፕ፣ እስከ ስንት ሜትር ድረስ ይሳብ የሚለው ደንብ ውሃው ሳለ ካልተወሰነ ከደረቀ በኋላ የሚወሰን ነገር አይኖርም። ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ያላችሁ የውሃ መሐንዲሶች፣ የሕግ ባለሙያዎች፣ የወረዳና የከተማ ሹማምንት፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራንም፤ ገበሬዎቹንና የሐረርን ነዋሪ በአንድ ጥላ ሥር አስቀምጡ፤ ፓምፖቹን በጋራ ቁጠሩ፤ የሐይቁንም የውሃ ልክ የሚያመለክት፣ ማንም ሊያልፈው የማይችል ምልክት ከመጪው በጋ በፊት አብራችሁ ትከሉ።